የመሪዎች የጦርነት ንግግርና የሕዝብ ወኔ፦ ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ታሪክ ተነስቶ ጦርነት ሳይነሳ አይቀርም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ሠራዊት ሲወጣም ሲመለስም በኮምቦልቻና በሐረጎ በኩል በደጃችን ያልፋል። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ "ያ ንጉሥ እንዲህ ብሎ ሕዝቡን አስነሳው"፣ "ያ መሪ በአንድ ንግግር ጦርነቱን ገለበጠው" የሚል ወሬ ከተማሪም ከጎረቤትም ይደርሰኛል። ወሬው ባለበት ጥያቄም አለ። ደጋግመው የመጡትን እዚህ አስቀምጫለሁ። የራሴን አስተያየት አልደበቅኩም።

በእኛ ታሪክ ትልቁ የጦርነት ጥሪ የትኛው ነው?

ለኔ የአፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ነው። የወጣው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" የምትለዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሙሉውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

አጀማመሩ ፉከራ የለበትም። "እንግዲህ ብሞትም ሞት የሁሉም ነውና ስለ እኔ ሞት አላዝንም" ይላሉ ንጉሠ ነገሥቱ። ቀጥለው አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት ባሕር አልፎ መምጣቱን ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ ያለችው ሐረግ ናት ሁልጊዜ የምትገርመኝ፦ "የአገሬን ሰው ድካምና የከብቱን ማለቅ አይቼ እስካሁን ብታገሠውም" ይላሉ።

ይህ ነገር ክፉ ቀንን ነው የሚያነሳው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የከብት በሽታው በሬውን ፈጀው፣ ረሃቡ ሰውን ጨረሰው። ስለዚህ አዋጁ የሚነበብለት ገበሬ ገና ያላገገመ ሰው ነው። ንጉሡ "ምንም አልሆንክም፣ ተነስ" አላሉትም። ድካምህን አይቻለሁ፣ የዘገየሁትም ለዚያ ነው አሉት። ጠላትንም "እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር" ብለው ገበሬው ማሳው ላይ በሚያውቀው አውሬ ገለጹለት።

ከዚያ ሥራ ያከፋፍላሉ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይርዳ። የሌለው ለልጁ፣ ለሚስቱ፣ ለሃይማኖቱ ሲል በኀዘኑ ይርዳ። ሽማግሌውም አሮጊቷም ድርሻ አላቸው ማለት ነው። ማስፈራሪያው ደግሞ ይከተላል፦ "ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም። ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም።" ማሳረጊያው ቀጠሮ ነው፦ "የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።"

ሰው ይህን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ስንቅ ያስቆላል፣ በቅሎውን ይጭናል፣ በተባለው ቀን ወረኢሉ ይደርሳል። በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ የጦርነት ንግግሮች ብዙዎቹ ይህን ያህል ግልጽ አይደሉም።

ለምን ወረኢሉ?

ወረኢሉ ከደሴ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በሸዋና በወሎ መገናኛ ላይ ናት። ከሸዋ ለሚነሳ ጦር የሰሜኑ መንገድ በር ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠቡ ሰበብም የተጻፈው እዚሁ አካባቢ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ ያ ጣልያን ኢትዮጵያን በሥሯ ያለች አድርጋ የተረጎመችው አንቀጽ 17 ያመጣው መዘዝ፣ ስሙን ያገኘው ከደሴ በስተሰሜን ካለችው ውጫሌ ነው። ውሉ ወሎ ላይ ተፈረመ፣ ውሉን የሚያፈርሰውም ጦር ወሎ ላይ ከተተ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ "እንዴ! እኛ እኮ መሃል ላይ ነን" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

"ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት" ሲባል የወሎ ሙስሊምስ ምን አለ?

ይሄ ጥያቄ ከደሴ ውጭ ብዙም አይነሳም። እዚህ ግን ሁሌም ይመጣል፣ መምጣትም አለበት።

ከአዋጁ 17 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ከደሴ አቅራቢያ ባለችው ቦሩ ሜዳ በአፄ ዮሐንስ የተመራ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ተገደዱ። መሪያቸው ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ራስ፣ ብሎም ንጉሥ ሆኑ። እንግዲህ "ሃይማኖትህን ሊለውጥ መጣ" የሚል ቃል ወሎ ውስጥ ቁስል ይነካል።

ያም ሆኖ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ ተዋግቷል። በቃሉ ተማርኮ ነው፣ በጌታው ታዞ ነው፣ ወይስ ጣልያንን አልወድም ብሎ ነው? ሦስቱም ያለበት ይመስለኛል። "አዋጁ ተነበበ፣ ሁሉም በአንድ ልብ ተነሳ" የሚለውን አተራረክ የማልወደው ለዚህ ነው። ሰው በየራሱ ምክንያት ነው የሚነሳው። አዋጁ የሚያደርገው ምክንያቶቹን አንድ መንገድ ላይ ማገናኘት ነው።

ያኔ ሬዲዮ የለም። ታዲያ ሕዝቡ እንዴት ሰማ?

በነጋሪት። ነጋሪቱ በየገበያው ይጎሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ያነባል። "ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" የገበያ ቀን የሚመረጠው በምክንያት ነው። የሰማው ሁሉ ጨውና በርበሬውን ይዞ ወሬውንም ይዞ መንደሩ ይገባል። የአዋጅ ቋንቋ አጭርና ምቱ የተስተካከለ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰው በቃሉ ይዞት ካልሄደ የትም አይደርስም።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ሆነው ምን ተናገሩ?

ከደሴ የምናስታውሰው የተናገሩትን ሳይሆን ያደረጉትን ነው።

ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራውን ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተመታ። በኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አመጡ። የውጭ ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸው መጡ። ኅዳር 26 ቀን የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ቤቶች ነደዱ፣ ብዙ ሰው አለቀ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። አውሮፕላኖቹ በማግስቱም ተመለሱ።

በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። ፎቶግራፍም ተነሱ። ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ዞረ። ያ መትረየስ አውሮፕላን አላወረደም። ቦምብ ሲወርድ ያላቸውን ይዘው እዚያው መቆማቸው ግን ታየ። ከሩቅ ሆኖ "በርቱ!" ከሚል መግለጫ ይህ ሚዛን ይደፋል።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን ደስ አይለኝም። ማይጨው ላይ ጦሩ ተሸነፈ። ደሴ ሚያዝያ 7 ተያዘች። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ውጭ ሄዱ። በዚህ ላይ አርበኞች ተከፋፍለዋል፣ እስካሁንም ያከራክራል። ደሴ ላይ የቆመው ሰው ምስል ለአንዱ ወኔ ሆነ፣ ለሌላው "ታዲያ ለምን ጥሎን ሄደ?" የሚል ጥያቄ ሆነ።

ንግግር ሰምቶ ሠራዊት ሳይታዘዝ የቀረበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ያውም ከዚሁ ጦርነት። ጥቅምት 1928 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት አዲስ አበባ ላይ ተሰልፎ ሲያልፍ ንጉሠ ነገሥቱ ምክር ሰጡ። ነጭ ልብስ አትልበሱ። እንዲህ ተሰብስባችሁ አትሂዱ። ሁለትም አምስትም ሆናችሁ ተበተኑ፣ ተደብቃችሁ ድንገት ምቱ። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ለአውሮፕላንና ለመርዝ ጋዝ ዘመን ትክክለኛ ምክር ነው። ግን እስቲ አድማጩን አስቡት። ከልጅነቱ ጀምሮ ፊት ለፊት መግጠምን ሲዘፈንለት ያደገ ሰው ነው። ጎፈሩን አስሮ፣ ነጭ ሸማውን አጣፍቶ ሲፎክር የኖረ ሰው ነው። "ተደብቀህ ተኩስ" ሲባል ፈሪ ሁን የተባለ ይመስለዋል። ትልልቆቹ ውጊያዎች እስከ ማይጨው ድረስ በጅምላ ነው የተደረጉት። በኋላ፣ መንግሥት ከፈረሰ በኋላ፣ አርበኞች በየዱሩ የተዋጉት ልክ እንደ ምክሩ ነበር። ንግግሩ ሳይሆን ችግሩ አስተማራቸው።

የጄኔቫው ንግግርስ ምን ለወጠ?

በጊዜው ምንም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ገና ሲጀምሩ የጣልያን ጋዜጠኞች ያፏጩ ጀመር። እሳቸው ዝም ብለው ቆመው ጠበቁ። ሁከተኞቹ ተጎትተው ሲወጡ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ የሚረጨውን መርዝ፣ ሰውና ከብት፣ ወንዝና ግጦሽ እንዴት እንዳለቀ ተናገሩ። ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለውም ጠየቁ።

መልሱ በሳምንታት ውስጥ መጣ። ማኅበሩ በጣልያን ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሳ። ስለዚህ "ንግግሩ ዓለምን አነቃ" የሚሉ ሰዎች ቀኑን ቢያዩት ጥሩ ነው። ዋጋው ቆይቶ ነው የመጣው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ ራሷ አውሮፓ ውስጥ ሲፈነዳ ሰዎች ንግግሩን መልሰው አነበቡት።

"ዛሬ በእኛ ነገ በእናንተ" የሚለውም ይጠየቃል። ከመድረክ ሲወርዱ ተናገሩት ይባላል። በጽሑፍ በቀረበው ንግግር ውስጥ ግን የለም። ለክርክር የምትጠቅሱት ከሆነ "ይባላል" የምትለዋን አትርሱ።

ሙሶሊኒም በንግግር የታወቀ አይደል?

ነው፣ ድምፁም በረንዳውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1935 ሮም ላይ ከቤተ መንግሥቱ በረንዳ ሆኖ "ከኢትዮጵያ ጋር 40 ዓመት ታግሠናል፤ አሁን ግን በቃ!" አለ። በመላው ጣልያን ደወልና ሳይረን ተደውሎ ሕዝቡ በየአደባባዩ ወጥቶ ሰማው። 40 ዓመት ሲል ዓድዋን መቁጠሩ ነው።

ያን ቀን ሆ! ተባለለት። በ1940 ከዚያው በረንዳ ላይ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅም ተጨበጨበለት። ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱ ሰዎች አወረዱት። የአደባባይ ጭብጨባ የወኔ መለኪያ አይሆንም። የጀርመኑ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስም እ.ኤ.አ. በ1943 "ጠቅላላ ጦርነት ትፈልጋላችሁ?" ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው "አዎ!" ሲል፣ አዳራሹ ውስጥ የገቡት ተመርጠው ነበር።

ቸርችል በንግግሩ እንግሊዝን አዳነ የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ። ክርክሩ የሚጦፈውም እዚህ ላይ ነው።

እውነቱን እናስቀድም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1940 ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በቀናት ውስጥ ለፓርላማው የምሰጣችሁ ደም፣ ልፋት፣ እንባና ላብ ብቻ ነው አሉ። ሰኔ 4 ቀን ደግሞ በባሕር ዳርቻው፣ በየሜዳው፣ በየጎዳናው እንዋጋለን የሚለውን ተናገሩ። ይህ የተባለው ከ330,000 በላይ ወታደር ከደንከርክ በመርከብ ከወጣ በኋላ ነው። አገሩ ተደስቷል። ቸርችል ግን በዚያው ንግግር በማፈግፈግ የጦርነት ድል አይገኝም ብለው ደስታውን ረገብ አደረጉት። ሰው በደስታ ሲሰክር እውነቱን መንገር ቀላል አይደለም።

አሁን ወደማይታወቀው ግማሽ። ያ የሰኔ 4 ንግግር በዕለቱ በሬዲዮ በሳቸው ድምፅ አልተላለፈም። የተናገሩት ለፓርላማ ነው። ሕዝቡ ማታ የሰማው የቢቢሲ ዜና አንባቢ የተወሰነውን ሲያነብ ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የምንሰማውን ቸርችል የቀዱት በ1949 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ ከአራት ዓመት በኋላ። "አያቴ ያን ምሽት ሰምቶት እንባው መጣ" የሚሉ እንግሊዞች ብዙ ናቸው። አልዋሹም። በኋላ የሰሙት ከትዝታቸው ጋር ተቀላቅሎባቸው ነው።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የሕዝቡን ስሜት የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩት። ተራ ሰዎችም ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። እዚያ ውስጥ የሚገኘው አንድ ዓይነት ስሜት አይደለም። አንዱ በረታሁ ይላል። ሌላው ነገሩ እንዲህ የከፋ መሆኑን ስሰማ ልቤ ወደቀ ይላል። ድምፃቸው የሰከረ ሰው ይመስላል ያለም አለ።

የኔ ፍርድ? ቸርችል ወኔ አልፈጠሩም። ሰዉ ሊይዘው ያቃተውን ስሜት በቃል አስያዙት። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ሰማዩን የጠበቁት ተዋጊ አውሮፕላኖቹና ራዳሩ ናቸው።

የደጎልና የስታሊንስ?

ፈረንሳዊው ጄኔራል ደጎል እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1940 ከለንደን ያደረጉትን ጥሪ የሰማው ፈረንሳዊ ጥቂት ነው። ቢቢሲ እንኳ ቅጂ አላስቀረም። "ፈረንሳይ አንድ ውጊያ እንጂ ጦርነቱን አልተሸነፈችም" የሚለውም ከዚያ ንግግር ሳይሆን በኋላ ከተለጠፈ ፖስተር ነው። ታዋቂነቱ የመጣው ካሸነፉ በኋላ ነው።

ስታሊን የተለየ ነው። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር ለሕዝቡ የነገሩት የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶቭ ናቸው። ስታሊን 11 ቀን ዝም አሉ። ሐምሌ 3 ቀን 1941 በሬዲዮ ሲቀርቡ ግን "ጓዶች! ዜጎች! ወንድሞችና እህቶች!" ብለው ጀመሩ። እንዲህ ብለው ሕዝቡን ጠርተውት አያውቁም ነበር። የሰሙ ሰዎች ስታሊን ውሃ ሲጠጡ ብርጭቆው ጥርሳቸውን ሲነካ ይሰማ እንደነበር ያስታውሳሉ። በኅዳር ጀርመኖች ሞስኮ ደጃፍ ሲደርሱ ቀይ አደባባይ ላይ ሰልፍ አሳይተው ተናገሩ። ወታደሩም ከሰልፉ በቀጥታ ወደ ግንባር ሄደ። አንዲት ቀልድ የምትመስል እውነት ልንገራችሁ፦ ካሜራዎቹ የንግግሩን ድምፅ ስላልያዙት ስታሊን በኋላ ክሬምሊን አዳራሽ ውስጥ ደግመው ተቀረጹ። ፊልሙ ላይ በዚያ ብርድ ከአፋቸው እንፋሎት አለመውጣቱ ያጋልጠዋል።

ሕዝቡ ያልገባው የጦርነት ንግግር ኖሮ ያውቃል?

የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 1945 ሕዝቡ ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ሰማ። የተናገሩት በቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው፣ የኛ አድማጭ ግዕዝ ሲነበብለት እንደሚሆነው። ሬዲዮውም ይንኮሻኮሻል። "ተሸንፈናል" የሚል ቃል የለበትም። ጦርነቱ የግድ ለጃፓን በሚጠቅም መንገድ አልሄደም ነው ያሉት። ሁለት ከተማ በአቶሚክ ቦምብ ከወደመ በኋላ! ብዙው ሰው የገባው አስተዋዋቂው ቀጥሎ ሲያብራራ ነው። ከዋዜማው ሌሊት ደግሞ ጦርነቱ እንዲቀጥል የፈለጉ መኮንኖች ቤተ መንግሥት ገብተው የተቀረጸበትን ሸክላ ሲፈልጉ አድረው አላገኙትም። ያ ንግግር ወኔን ያነሳ ሳይሆን ጦር ያስቀመጠ ነው፣ ስለዚህ እኔ ከትልልቆቹ እቆጥረዋለሁ።

ከስደት ሲመለሱስ አፄ ኃይለ ሥላሴ ምን አሉ?

ከመግባታቸው በፊት ወረቀት ነው የገባላቸው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት የአማርኛ ጽሑፍ በተኑ። ሰዎች ማኅተሙን ሲያዩ ወረቀቱን ስመው ግንባራቸው ላይ ያስነኩ ነበር። ያን ጊዜ ከቃሉ ማኅተሙ በለጠ።

ደሴ ከኮምቦልቻው ከባድ ውጊያ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወታደሮች እጅ ገባች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገብተው ሲናገሩ ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉ። የካቲት 12ን ያየ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲህ ማለት ደፋርነት ነው። ከሳቸው ንግግሮች ይሄንን አስበልጣለሁ፣ ከጄኔቫውም በላይ።

የደርግ ዘመኑ "የእናት አገር ጥሪ"ስ?

ሠርቷል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ጥሪውን አስተላለፉ። ገበሬው ከየክፍለ ሀገሩ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ በሰኔ ሚሊሺያው አብዮት አደባባይ ላይ ተሰለፈ። ከወሎም የሄደው ብዙ ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ በሶማሊያ ጦር ላይ ድል ተገኘ። እርግጥ ነው፣ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደርም ነበር፣ ንግግር ብቻውን ታንክ አያቆምም።

ግን ከጥሪው አምስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 9፣ እኒያው ሰው እዚያው አደባባይ ላይ ደም የሚመስል ነገር የተሞላ ጠርሙስ እየሰበሩ በኢሕአፓ ላይ ዛቱ። ከዚያ የመጣውን ቀይ ሽብር ደሴ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ያው ድምፅ፣ ያው ወኔ የሚቀሰቅስ አነጋገር ነው። አንዱ ወራሪ ላይ አነጣጠረ፣ አንዱ የጎረቤት ልጅ ላይ። ተማሪዎቼ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያነቡ የምለው ለዚህ ነው። ንግግር ሲያሞቅህ ወደ ማን እየጠቆመ እንደሆነ እይ።

እስከ መጨረሻው እንዋጋለን ሲሉ የኖሩት መሪ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ወታደሩ ዜናውን የሰማው ከሬዲዮ ነው። አገዛዙ ከዚያ በኋላ የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

ፉከራና ቀረርቶ እያለ የመሪ ንግግር ምን ያደርጋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በኛ አገር የወታደርን ደም የሚያሞቀው ባብዛኛው መሪው ሳይሆን አዝማሪው፣ ፎካሪው፣ የመንደሯ ሴት ናት። "እገሌ ሸሸ" ተብሎ እንዳይዘፈንበት የሚፈራ ሰው ለንጉሥ ቁጣ ያን ያህል አይጨነቅም። የመሪው ሥራ ሌላ ነው፦ ለምን፣ መቼ፣ የት። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጦር የሚንቀሳቀሰው።

የቅርቡን ጦርነት ለምን አትጽፍበትም?

ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ። ኅዳር 13 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንባር እዘምታለሁ አሉ። ኅዳር 27 ከተሞቹ መመለሳቸውን መንግሥት አስታወቀ። ቀኖቹ እነዚህ ናቸው። ያ መግለጫ እዚህ ያለውን ሰው ምን አደረገው ለሚለው ግን፣ ከሞላው ሚኒባስ ውጭ ቆሞ ያነበበውና ግንባር ላይ ሆኖ የሰማው አንድ መልስ አይሰጡም። ሐዘን የተቀመጠበት ቤት አጠገብ ቁጭ ብዬ የንግግር ውጤት አልመዝንም። ማስታወሻ የያዛችሁ ካላችሁ አትጣሉት።

ለንግግር ውድድር የትኛውን ላጥና?

የክተት አዋጁን። በቃል መያዝ ቀላል ነው፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ብታነበው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ከውጭ ከፈለግህ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 በሬዲዮ ያደረጉትን ፈልግ። ሕዝቡ አስቀድሞ የዓለም ካርታ እንዲገዛ ጠይቀው፣ ካርታውን እያዩ እንዲከተሏቸው አድርገው ሽንፈቱንም ርቀቱንም አስረዱ። ካርታ ከየመደብሩ አለቀ።

አንድ ምክር ብቻ፦ መድረክ ላይ አትጩህ። "ወስልተህ የቀረህ" የምትለዋ ላይ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ሞክራት። ከዚያ "ማርያምን!" ስትል ሰዉ ቀና ይላል።